ሐመሩ «ሐ» ያስከፈለኝ

ሥራ የጀመርኩት ደሴ፣ አንድ ታፔላ ጸሐፊ ዘንድ ቀለም በጥባጭ ሆኜ ነው። አለቃዬ ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት ለደንበኛው ብጣሽ ወረቀት ይሰጥና «እስቲ በራስህ እጅ ጻፍልኝ» ይለዋል። ወረቀቷን ከቆርቆሮው አናት ላይ በፕላስተር ለጥፎ፣ አንድ ፊደል በቀባ ቁጥር ቀና ብሎ ያያታል። ለእኔ የሽማግሌ ጣጣ ነበር። በኋላ ኮምፒውተር ገዝቼ፣ ኮረል ድሮው የሚባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ለምጄ፣ «ብራንዲንግ» የሚል ቢዝነስ ካርድ ሳሳትም መጀመሪያ የተውኩት ይህንኑ ልማድ ነው።

አንድ ቀን ከሐይቅ ከተማ አንድ ማር ነጋዴ መጡ፤ ድሮ የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ማሩ «ሐይቅ ማር» ይባላል፤ የሚፈልጉት ለጠርሙሱ የሚለጠፍ 3,000 ወረቀት ነው። ሠራሁና ፋይሉን አዲስ አበባ ላለ ማተሚያ ቤት ላክሁ።

በማግሥቱ ኦፕሬተሩ ደወለ፤ «ጽሑፉ የእንግሊዝኛ ፊደል ተዝረክርኮበት ነው የሚታየው» አለኝ። የተጠቀምኩት ፎንት የቆየ ነበር። እነዚያ የድሮ ፎንቶች 256 ቦታ ብቻ ስላላቸው ገበታችንን ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ አይችሉትም፤ ፊደሉን በላቲኑ ቦታ እያስቀመጡ ገበታውን ለሁለት ለሦስት ፎንት ይከፍሉታል። የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ የሆነው ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጥቶታል፤ እኔ ግን የዚያ ፎንት ቅርጽ ስለሚማርከኝ አልለቀቅኩትም። ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል፣ ለውጬ ብልከው ኖሮ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይም በትክክል ይከፈት ነበር። ረሳሁት። እንደገና መላክም ታከተኝና በስልክ «ሐይቅ ማር ብለህ ጻፈው፣ በቃ» አልኩት።

በስልክ ደግሞ ሦስቱም «ሀ» አንድ ናቸው።

ናሙናውን በቴሌግራም ሲልክልኝ ያየሁት ቢጫውን ብቻ ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራ ቢጫ በአራት ቀለም ሲታተም ይደበዝዝብኛል ብዬ ሠግቼ ነበር። ሦስት ጊዜ አጉልቼ አየሁት። አንድም ጊዜ አላነበብኩትም።

ወረቀቱ ደረሰ። ሽማግሌው ነጋዴ መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ሃሌታው «ሀ» ነው። የእኛ ሐይቅ በሐመሩ «ሐ» ነው።»

«ጋሼ፣ ድምፁኮ ያው ነው። ማን ልብ ይለዋል?»

«እኔ አልኩት። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ባስተማሩበት አገር በሃሌታው ማር ልሽጥ?»

ቁጣ የለበትም፤ ያ ነው የባሰው። በራሴ ኪሳራ አሳተምኩላቸው። ጎረቤቴ ፎቶ አንሺው «አብሽር፣ ገንዘብ ነው» አለኝ። ገንዘቡ ግን የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነበር።

ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን ሐረጎን እየወረድኩ ኮምቦልቻ ዲዛይን አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር አይከፈትም፤ ተማሪው ሱቅ ካለው ሰው በእጅ የተጻፈ ስም ይዞልኝ ይመጣል፣ እሱኑ በእርሳስ አጉልቶ ይሠራል። ልጆቹ ያጉረመርማሉ፤ እኔም አጉረምርሜያለሁ። አንዷ «ቲቸር፣ ባለሱቁ ራሱ ተሳስቶ ቢጽፍስ?» አለችኝ። «አስፈርሚው» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ የምሬን ነበር።

ሽማግሌው ጋ አሁንም ማር እገዛለሁ። የተበላሹትን ወረቀቶች አልጣሏቸውም፤ ጀርባቸው ነጭ ስለሆነ ዱቤ ይመዘግቡባቸዋል። ባለፈው ኪሴ ባዶ ሆኖ አንድ ኪሎ በዱቤ ወሰድኩ። ስሜ ውስጥ አንድ «ኃ» አለች። መጻፍ ጀምረው እሷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ በመነጽራቸው በላይ አዩኝና ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«እስቲ በራስህ እጅ ጻፈው።»