ሁለተኛው ሲዲ

በ1996 ዓ.ም ከኮተቤ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ፣ ካራ ጋ፣ አንዲት የቆርቆሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ሰው ሁሉ የሚመጣው ለኳስ ነው፤ ዊኒንግ ኢለቨን፣ በጌም እየተከፈለ። እኛ አራት ጓደኛሞች ግን ሳምንቱን ሙሉ ሳንቲም አጠራቅመን፣ ኳሰኞቹ ሲበተኑ ገብተን ሜታል ጊር ሶሊድ የሚባለውን፣ ተደብቀህ ወደ ጠላት ሰፈር ሰርገህ የምትገባበትን ጌም እንከፍታለን። ባለቤቱ «በሉ ልጆች፣ ጅቡ ሳይወርድ ቤታችሁ ግቡ» ይሉናል። እኛ ደግሞ «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ!»

የነበረን የመጀመሪያው ሲዲ ብቻ ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው በሁለት ሲዲ ነበር፤ እኛ ጋ የደረሰው ግን ማቀፊያ የሌለው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ኮፒ ነው። አላስካ ውስጥ፣ ሻዶው ሞሰስ በሚባለው ደሴት ላይ፣ ከጠላት ወገን የሆነችው አልሞ ተኳሽ ስናይፐር ዎልፍ በረዶው ላይ ወድቃ ትሞታለች፤ የሚወዳት ኦታኮን ያለቅሳል፤ ከዚያ ስክሪኑ ሁለተኛውን ሲዲ አስገቡ ይላል። ለእኛ ታሪኩ እዚያ አለቀ። የቀረውን ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚሻለው ልጅ ከራሱ እየፈጠረ ይነግረን ነበር። በእሱ ታሪክ የዎልፍ ተኩላዎች የምንጫወትበትን ጀግና፣ ስኔክን፣ እየመሩ ከደሴቱ ያወጡታል። አምነነው አደግን።

አሁን አራታችንም የከተማዋ ዳር ዳር ላይ ተበትነናል። አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ ተራኪያችን እዚያው ካራ፣ እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም። አምና የአንዳችን ልጅ ክርስትና ላይ ተገናኝተን ወሬው ወደዚያች ቆርቆሮ ቤት ሲሄድ «ለምን አንጨርሰውም?» አልኩ። ቅዳሜ ማታ ማታ፣ እኔ ቤት፣ ሰባት ወር ፈጀ።

ዕቃው ብዙ አላስቸገረኝም። ውጭ ያለው የአጎቴ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ስብስብ ገዝቶ ላከልኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሶሊዶች እሱ ውስጥ አሉ፣ በላፕቶፕ ይሠራሉ። ለአራተኛው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 3 ከመርካቶ ገዛሁ። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑን ትተን አራታችንም በላፕቶፑ ትንሽ ስክሪን ዙሪያ እንሰበሰባለን። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ምሽቶች ይበልጡብኛል። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ማየት የድሮውን አግዳሚ ወንበር ይመልሳል።

የተሳሳትኩት በቅደም ተከተሉ ነው። ታሪኩ በዘመን ሲደረደር የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ከሚፈጸመው ከሦስተኛው ነው፤ እኔም ከእሱ እንጀምር አልኩ። ሁለት ቅዳሜ ሄደን አቆምን። እዚያ ውስጥ ሽጉጥ በጣቱ የሚያሽከረክር ጉረኛ ወጣት አለ፤ ኦሴሎት ይባላል። በሻዶው ሞሰስ ስኔክን አስሮ በኤሌክትሪክ የሚያሰቃየውን ሽማግሌ፣ ያንኑ ኦሴሎትን፣ በደንብ ሳታስታውስ ያን ወጣት ብታይ ምንም አይነግርህም። ሂዲዮ ኮጂማ ጌሞቹን ሲሠራ አንዱን በሌላው ላይ ነው የገነባው። ስለዚህ ይህን ተከታታይ ለመጀመር ለሚያስብ ሁሉ የምለው በወጡበት ቅደም ተከተል እንዲጫወት ነው።

ሁለተኛው የተማርኩት ስለ ትርጉም ነው። ግማሹ ታሪክ ያለው ኮዴክ በሚባለው የሬዲዮ ንግግር ውስጥ ነው፤ ልጅ ሳለን በቁልፍ እያሳለፍን ወደ ተኩሱ እንሮጥ ነበር። አሁን ተራኪያችን አንድ ንግግር ሲያልቅ አስቁሞ በአማርኛ ይተርክልን ጀመር። ቃል በቃል ሲተረጉም አልሰመረም፤ ሰው ለሰው እንደሚያወራው «ምን አለው መሰላችሁ...» ብሎ ሲጀምር ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ባለቤቴ እንኳ ጌም የማትወድ ሴት ቡናውን ይዛ መጥታ ተቀምጣ ቀረች።

የመጀመሪያውን ስንደግመው እጃችን ያልረሳው ብዙ ነገር ነበር። ጠባቂዎቹ በረዶው ላይ ያለውን ዱካህን አይተው ይከተሉሃል። ለእኛ በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ነበርና፣ ሰው ዱካ የሚተውበት በረዶ መኖሩን ያወቅነው ከዚህ ጌም ነው። ቤከር የሚባለው ሰውዬ ደግሞ ስኔክን የምትረዳውን ወጣት ወታደር፣ የሜሪልን፣ የሬዲዮ ቁጥር ከሲዲው ማቀፊያ ጀርባ እንድታይ ይነግርሃል። ማቀፊያ ከየት ይምጣ? ያኔ ስኔክን በሬዲዮ ከሚያዝዘው ከኮሎኔሉ ቁጥር ከ140.85 ተነስተን አንድ በአንድ ወደ ታች እየወረድን 140.15 ላይ አገኘናት። የቤት ስልካችንን ረስቼዋለሁ፤ ይህን ቁጥር ግን አልረሳሁትም።

ከዚያ ኦሴሎት የሚያሰቃይበት ቦታ ደረስን። ክቡን ቁልፍ ሳታቋርጥ መምታት አለብህ፤ ካልቻልክ ወይ ትሞታለህ፣ ወይ ሌላ ቁልፍ ተጭነህ እጅ ትሰጣለህ። የፕሌይስቴሽን ቤቱ ጆይስቲክ ክብ ቁልፉ ያለቀ ነበርና ያኔ እጅ ሰጥተናል። ምን እንደሚያስከትል ግን አላወቅንም፤ ውጤቱ የሚታየው ሁለተኛው ሲዲ ላይ ነውና። አሁን ጆይስቲኩ ደህና ነው፣ መቋቋም እንችላለን። የኮዬ ፈጬው ጓደኛችን ግን «ያኔ ያደረግነውን እናድርግ፤ ምን እንደሠራን እንየው» አለ። ተከራከርን። በመጨረሻ እጅ ሰጠን።

ዋናውን ጠላት ሊኩዊድን አሸንፈን ስናበቃ ሜሪል ሞታ አገኘናት። ተራኪያችን አልተረጎመውም። «እኔ እኮ አድኜ ነበር የነገርኳችሁ» አለ ብቻ። በልጅነቱ ፈጥሮ በነገረን ታሪክ ሁሉም ሰው ይድን ነበር፤ ከዎልፍ በቀር። በማግስቱ እሑድ ማንም ሳይጠራቸው ተመልሰው መጡና፣ ከፊቱ ሴቭ ካደረግንበት ጀምረን፣ ክቡን ቁልፍ እየተቀባበልን እየመታን አዳንናት።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን ሁለተኛውን በወጣትነታችን ጠልተነው ነበር። ስኔክን ስትጠብቅ አብዛኛውን ጌም የምትጫወተው ራይደን በሚባል ልጅ ነው። አሁን ግን መጨረሻው ላይ ያለው ንግግር አስደነገጠን። ሲያዝዘው የቆየው ኮሎኔል ሰው ሳይሆን ሰው ሠራሽ አእምሮ ሆኖ ይገኛል፤ የዓለም ወሬ ያለ ማጣሪያ ስለሚከማች ሰው ማወቅ ያለበትን እኛ እንመርጥለታለን ይላል። ስልካችን ላይ ስንቱን የሐሰት ወሬ ተቀባብለን ስንጣላ የከረምን ሰዎች ነን። ጌሙን አስቁመን አንድ ሰዓት አወራን፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሦስተኛው ላይ ዘ ኤንድ የሚባል በጣም ያረጀ አልሞ ተኳሽ አለ። ውጊያው መሃል ሴቭ አድርገን በተለያየንበት ሳምንት የጀሞው ጓደኛችን አያት አረፉ። ለቅሶ ደረስን፣ ሁለት ቅዳሜ ተዘለለ። ተመልሰን ስንከፍተው ሽማግሌው በእርጅና ሞቶ አገኘነው። ጌሙ ሰዓቱን ቆጥሮ ከሳምንት በላይ ከቆየህ እንዲያ ያደርጋል። የጀሞው ጓደኛችን ዝም ብሎ ካየ በኋላ «ተዉት፣ ከዚህ እንቀጥል» አለ።

የዚያው ጌም መጨረሻ ላይ የዚያ ዘመኑ ስኔክ (የሻዶው ሞሰሱ ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረው ሌላ ሰው) ያስተማረችውን፣ እንደ እናትም የሆነችውን ዘ ቦስን በነጭ አበባ መሃል ይገድላል። ምላጩን የሚስበው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ተራው የካራው ነበር፤ ጆይስቲኩን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠው። ከሃዲ ተብላ የሞተችው ለአገሯ ትእዛዝ ስትል መሆኑን ከዚያ በኋላ ነው የምትሰማው፤ መቃብሯ ላይ ስም እንኳ የለም። ከጌም ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አምስተኛው ሰርጎ መግባቱ ከሁሉም የተዋጣለት ነው፤ ታሪኩ ግን የተቆረጠ ይመስላል። ኮጂማ በዚያው ዓመት ጌሞቹን ከሚያወጣው ኩባንያ ከኮናሚ ወጥቷል። ከሁሉም ያነሰ ጊዜ የሰጠነው እሱን ነው፤ ቅደም ተከተሉንም ጥሰን አራተኛውን ለመጨረሻ አስቀረነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው በአራተኛው የመጀመሪያው ጌም ስኔክ አርጅቶ፣ ጀርባውን እየያዘ ወደ ሻዶው ሞሰስ ይመለሳል። ያው በረዶ፣ ያው በር፤ ሰው ግን የለም። ተራኪያችን እየመራን ነበር፤ «እዚህ ጋ ካሜራ ነበረ፣ እዚህ ጋ ዱካችንን አዩብን»። ከዚያ ኦታኮን በሬዲዮ ገባና ሁለተኛውን ሲዲ አስገባ አለ። ወዲያው ራሱን አረመ፤ ይህ ፕሌይስቴሽን 3 ነው፣ ሲዲ መቀየር ቀርቷል።

ይህን ለመተርጎም ማንም ማንንም አልጠየቀም። የኮዬ ፈጬው ጓደኛችን ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አሳርፎ ተራኪያችንን ዞሮ አየው። እሱም «ቀጥል፣ በሩ በግራ ነው» አለው።