ጆሮ እምቢ ሲል

ባለፈው ወር ለእረፍት ሐዋሳ ስገባ እማዬ ወዲያው ነው ያወቀችብኝ። "ምነው ሰው ሲያናግርህ ግራ ጆሮህን ታዞራለህ?" አለችኝ። በስልክ አልነገርኳትም ነበር። የስደት ሰው ሕመሙን በስልክ አያወራም፣ ታውቁታላችሁ። አሁን ግን የምደብቅበት አልነበረኝምና ቁጭ ብዬ ነገርኳት።

ሳልጨርስ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ፣ በዘይት አሙቃ፣ ጤና አዳም ጣል አድርጋበት በማንኪያ ይዛ መጣች። ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ባመመኝ ቁጥር ጭኗ ላይ አስተኝታ ጠብ የምታደርግልኝ እሱን ነው። እጇን ያዝኩት። "እማዬ፣ ታምቡሩ ተቀዷል። ሐኪም አይቶ መግጠሙን ሳይነግረኝ ውሃም ዘይትም መግባት የለበትም። በቀዳዳው አልፎ ውስጥ ነው የሚገባው" አልኳት። ማንኪያውን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችኝ።

ዱባይ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። አብረውኝ የሚሠሩት ፊሊፒናውያን በእረፍት ቀናቸው ፉጃይራ ባሕር ዳር እየሄዱ ስኩባ ይጠልቃሉ፣ ማለትም ከጀርባቸው ካዘሉት ጋን አየር እየሳቡ ባሕር ውስጥ ይወርዳሉ፤ አንድ ቀን ና አብረን እንሂድ አሉኝ። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። አሞራ ገደል ከጀልባ ላይ እየዘለልኩ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ ሳላንገራግር እሺ አልኩ። ችግሩ ያን ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ነበር። የኤሲ ጉንፋን፣ ዱባይ የኖረ ያውቀዋል። አንዱ ልጅ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ሰጠኝና ለጊዜው ተከፈተልኝ። ከመጥለቃችን በፊት ስለ ጆሮ፣ ስለ ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያና ከቅንድብ በላይ አጥንት ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት)፣ ስለ ሳንባ የሚጠይቅ ቅጽ አስሞሉን። ሳላነብ ሁሉም ላይ "የለም" አልኩ። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ የእረፍት ቀኑም በስንት ልመና የተገኘ ነው።

ገመድ ይዘን እግራችንን ወደ ታች አድርገን መውረድ ጀመርን። ሁለት ሜትር እንኳ ሳንሞላ ጆሮዬን ተጫነኝ። እንደተማርነው አፍንጫዬን ይዤ በቀስታ ነፋሁ። ግራው ተከፈተ። ቀኙ እምቢ አለ። ለዚህ ምልክት አለው፤ መዳፍህን ዘርግተህ ታወዛውዛለህ፣ ከዚያ ወደ ጆሮህ ትጠቁማለህ። በቃ። እጄ ግን አልነሣ አለኝ። ልጆቹ ከታች ቀና ብለው እየጠበቁኝ ነበር፣ ቀናቸውን የማበላሽባቸው መሰለኝና ይሉኝታ ያዘኝ። የመተንፈሻውን ጎማ ነክሼ ወረድኩ። አራት ሜትር ገደማ ላይ ሕመሙ ሲበረታብኝ ባለ በሌለ ኃይሌ ነፋሁ።

ጧ አለ። ሕመሙ ጠፋ። ተከፈተልኝ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ፣ ከዚያ ባሕሩ በሙሉ ዞረብኝ። ላይና ታቹ ጠፋኝ። ገመዱን በሁለት እጄ አቅፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሰልጣኙ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፣ ማዞሩ ቀለል እስኪልልኝ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ አወጣኝ። ጀልባ ላይ ማስኩን ሳወልቅ ውስጡ ደም ነበረው። ደሙ ከሳይነሴ ነው፤ ለካ ስወርድ ከቅንድቤ በላይ እንደ መርፌ ሲወጋኝ የነበረው እሱ ኖሯል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በዓረብ አገርም በጅቡቲም ባሕር ዳር የሚሠሩ ብዙ ልጆቻችን ስላሉ ነው። ነገሩን ለመረዳት ከአዲስ አበባ ሐዋሳ የሚያመጣውን መንገድ አስቡት። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ ሐዋሳ 1,700 ገደማ። ስትወርዱ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ምራቃችሁን ስትውጡ ደግሞ ይከፈታል። የሚከፈተው ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ ስላለች ነው። 275 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ የምታገኙትን ያን የአየር ግፊት ለውጥ ባሕር ውስጥ አንድ ሜትር ሳትወርዱ ታገኙታላችሁ። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጆሮን የሚጎዳው ሩቁ ጥልቀት ብቻ አይደለም፣ ለውጡ በጣም ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ነው። ጉንፋን ሲይዘን ደግሞ ያቺ ቱቦ ታብጣለች፣ የሳይነስም መተንፈሻ ይዘጋል፣ አየር አያልፍም።

ስለዚህ ጉንፋን ካለባችሁ አትጥለቁ። ገንዘቡ ይቅር። የአፍንጫ መድኃኒትም አያታልላችሁ፤ ውሃ ውስጥ እያላችሁ ኃይሉ ቢያልቅ ስትወጡ አየሩ መውጫ ያጣና ሕመሙ በመውጫችሁ ይሆናል። ጆሮ መድፈኛም አታድርጉ። ጆሯችሁን መክፈት ያለባችሁ ሳያማችሁ በፊት ነው፣ በየግማሽ ሜትሩ፣ በቀስታ። እምቢ ካለ አንድ ሜትር ያህል ውጡና ምራቃችሁን ውጣችሁ እንደገና ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ የዚያን ቀን መጥለቁ አበቃ ማለት ነው። በኃይል መንፋት ከታምቡሩ አልፎ የውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። የእኔ ዓይነት ትንሽ የታምቡር ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል፤ የውስጠኛው ከተጎዳ ግን መስማታችሁ ላይመለስ ይችላል። ከውሃ ወጥታችሁ ጆሯችሁ ከደነዘዘ፣ ከጮኸ ወይም ካዞራችሁ በዚያው ቀን የጆሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። እኔ "ይሻለኛል" እያልኩ ሁለት ቀን ሥራ ገብቻለሁ፣ ሐኪሙም በጣም ነው የተቆጣኝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ልጅ ሆኜ ይህን ማወቄ ነው። አሞራ ገደል ስንጠልቅ ጆሯችንን ካመመን ወዲያው ነበር የምንወጣው። ማንም አላስተማረንም። ያምማል፣ እንወጣለን፣ እንስቃለን፣ እንደገና እንዘላለን።

የእህቴ ልጅ አሁን የዱባይ ቪዛ ወጥቶለታል። ትናንት ቡና እየተፈላ "ጋሼ፣ እኔንም ፉጃይራ ትወስደኛለህ?" አለኝ። እወስድሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን ምልክቱን አሳየኝ አልኩት። ሦስት አራት ጊዜ አስደገምኩት፤ መዳፍ ይወዛወዛል፣ ጣት ወደ ጆሮ። እማዬ ጀበናዋን አስቀመጠች። እሷም እጇን ዘርግታ አወዛወዘች፣ ከነጠላዋ በላይ ወደ ጆሮዋ ጠቆመች።

"ይቺው ናት?" አለችኝ።

"ይቺው ናት እማዬ።"

"ታዲያ ይቺን ማድረግ ነው ያቃተህ ልጄ?"