ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረው ጋ
ባለፈው ክረምት ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ያ የጅማ ዝናብ እየወረደ፣ መብራትም ጠፍቶ፣ ጎረቤታችን አባባ ከደረጃ ወድቀው ወገባቸውን ተመቱ። ልጃቸው ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ። አይሆንም አልኩት። አከርካሪ ተነክቶ ከሆነ፣ ሰውየውን አጥፎ ባጃጅ ውስጥ መክተት ሽባ ሊያደርጋቸው ይችላል። «እና እዚሁ ይደሩ?» ብሎ ጮኸብኝ። አልፈርድበትም።

907 ደወልን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ማኅበሩ ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ በ1927 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፣ ግን ከዚያ ሁሉ ጎረቤት ቁጥሩን በቃሉ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ስልኬ ላይ መዝግቤው ስለነበር ነው።

የት ናችሁ ተባልን። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። አንዱ «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ» ይላል፣ ሌላዋ ስልኩን ነጥቃ «ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረው ጋ» ትላለች። (ድሮ! ሹፌሩ እዚህ አላደገ!) በመጨረሻ አንድ ልጅ ባትሪ አስይዘን አስፋልቱ ዳር አቆምነው።

እስከዚያ አባባን ንክች አላደረግናቸውም፤ ጋቢ ብቻ ደረብንላቸው። እሳቸው ግን ከጋቢው ስር «ወፍጮ ቤቱ እኮ በወዲያኛው በኩል ነበር» እያሉ ያርሙናል።