የትኛው ምርመራ ምን ይለውጣል? የአክስቴ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያስተማረኝ

የምግብ ቧንቧ ካንሰር በገባበት ቤት አንድ ጥያቄ ቀን ከሌት አይጠፋም፦ «ትድናለች ወይ?» ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ የሚሰጡ ምርመራዎች አሉ። ባዮማርከር ይባላሉ። ከደም ወይም ከዕጢው ተቆርጦ ከተወሰደ ናሙና የሚለኩ ምልክቶች ናቸው። አክስቴ ከታመመች ወዲህ ከእነሱ ጋር በደንብ ተዋውቀናል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ሐኪም አይደለሁም። ይህን የምጽፈው የውጤት ወረቀት ይዞ ግራ ለገባው ቤተሰብ ነው።

እትዬ መጀመሪያ እንጀራ አልወርድ አላት። ቀጥሎ ዳቦ። በመጨረሻ ሹርባውም ይተናነቃት ጀመር። ሐረር ወስደናት ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮ ገብቶ የሚታይበት ምርመራ) ተደረገላት፣ ናሙናም ተወሰደ። ውጤቱ «ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ» ይላል። የአክስቴ ልጅ ጅቡቲ ነው የሚሠራው። ያን ዕለት ማታ ደውሎ «ብሩን አታስቢ፣ ያለውን ምርመራ ሁሉ አስደርጊላት» አለኝ። በነጋታው ረጅም ዝርዝር ላከልኝ። ሄር-ቱ፣ ፒዲ-ኤል-ዋን፣ ሲኢኤ፣ ፒ-53፣ የዘረመል ምርመራ፣ ምኑ ቅጡ። እናቱ ናት፤ ጭንቀቱ ይገባኛል።

ዝርዝሩን በደብተር ገልብጬ ለሐኪሙ ይዤ ሄድኩ። በየምርመራው ፊት አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «ውጤቱ እንዲህ ወይም እንዲያ ቢሆን፣ የምናደርገው ነገር ይለወጣል?» ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ጥያቄ ነው። ሐኪሙም ደስ ብሎት አንድ በአንድ አስረዳኝ።

ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት በሽታው ወዴት እንደሚያመራ ይጠቁማል። ሁለተኛው የትኛው መድኃኒት ሊሠራ እንደሚችል ይናገራል። እኛ ድሬዎች ከላይ ከተራራው፣ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሊሞላ ይችላል እንላለን። ማወቁ ይጠቅማል፤ በየት በኩል እንደምንሻገር ግን ሰማዩ አይነግረንም። ፒ-53 እንዲህ ያለ ነው። በምግብ ቧንቧ ካንሰር በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ ይህ ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። ብዙ ተጠንቷል። ዛሬ ግን በእሱ ተመርኩዞ የሚመረጥ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ከዝርዝሩ ተሰረዘ።

ሄር-ቱም (በአንዳንድ ዕጢ ሴሎች ላይ በዝቶ የሚገኝ ፕሮቲን) ተሰረዘ፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንዱ የእትዬ ዓይነት፣ ስኳመስ ነው። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በተዘረጋው የምሥራቅ አፍሪካ መስመር የሚበዛው ይሄ ነው። ሌላው አዲኖካርሲኖማ የሚባለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከታች፣ ወደ ጨጓራው መጋጠሚያ አካባቢ ይወጣል። ሄር-ቱ በመደበኛነት የሚጠየቀው ለዚህኛው ነው። ላቦራቶሪው 0 ወይም 1+ ካለ የለም ማለት ነው። 3+ ካለ አለ። 2+ ከሆነ ደግሞ ጂኑን የሚቆጥር ሌላ ምርመራ ይጨመራል። ካለ ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት ከኬሞ ጋር ይሰጣል። በ2010 የወጣው ትልቅ ጥናት፣ በጨጓራና በመጋጠሚያው ካንሰር የታመሙ ሰዎች በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ11.1 ወደ 13.8 ወር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ለእትዬ ግን የዕጢዋ ዓይነት ይህን መንገድ ዘግቶታል። ገንዘቡ ተረፈ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። የሴሉ ዓይነት ራሱ ትልቅ ምልክት ነው። በ2012 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ነበር። ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞና ጨረር አብረው የተሰጧቸውን ሰዎች ተከታተለ። ስኳመስ ከነበራቸው 49 በመቶ፣ አዲኖካርሲኖማ ከነበራቸው 23 በመቶ በሚሆኑት፣ በቀዶ ሕክምናው በወጣው አካል ላይ ሕያው የካንሰር ሴል አልተገኘም። ወረቀቱ ላይ አንደኛው መስመር ተጽፎ የነበረው የሴል ዓይነት ይህን ያህል ይናገራል። ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ስልኩ ውስጥ ዝም አለ፣ ከዚያ «እንዲህ ከሆነማ ጥሩ ነው» አለ።

ፒዲ-ኤል-ዋን ላይ ብዙ ተነጋገርን። ይህ ፕሮቲን ካንሰሩ ከሰውነት መከላከያ ለመደበቅ የሚጠቀምበት ነው። ውጤቱ ሲፒኤስ በሚባል ነጥብ ይሰጣል። ምልክቱ ያለባቸው የዕጢና የመከላከያ ሴሎች ተቆጥረው ለዕጢው ሴሎች ቁጥር ይካፈላሉ፣ ከዚያ በ100 ይባዛሉ። በ2021 በወጣ ጥናት፣ ስኳመስ ዓይነት ኖሯቸው ነጥባቸው 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በሽታው የገፋባቸው ሰዎች ፔምብሮሊዙማብ ከኬሞ ጋር ሲወስዱ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 13.9 ወር ነበር። በኬሞ ብቻ 8.8 ወር። መድኃኒቱ በጣም ውድ ነው። የእትዬ በሽታ ደግሞ ገና አልተሰራጨም፤ ሐኪሙም በኬሞና በጨረር እንጀምር አለ። ስለዚህ ምርመራው አሁን ምንም አይለውጥም። በኋላ ሊለውጥ ይችላል። ይህን «በኋላ» የሚለውን ከታች እመለስበታለሁ።

ሲኢኤ የደም ምርመራ ነው። በዚህ በሽታ ጤናማ ቁጥር ማሳየቱ ካንሰር የለም ማለት አይደለም። እሱም ቀረ።

ከዝርዝሩ ውጭ የነበሩት፣ ግን በእጃችን የነበሩት ምልክቶች ናቸው ይበልጥ ያስገረሙኝ። ተራው የደም ቆጠራ፣ ሲቢሲ፣ ሁለት ነጭ የደም ሴሎችን ለይቶ ያሳያል፦ ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ማካፈል ነው። ለምሳሌ 6.0 ሲካፈል ለ1.5፣ 4 ይሆናል። ይህ ቁጥር ከፍ ያለባቸው ሕመምተኞች በአማካይ ውጤታቸው የከፋ መሆኑ በብዙ ጥናት ታይቷል። ሰውነት ውስጥ ያለውን ብግነት ስለሚያንጸባርቅ ነው። «ከዚህ በላይ ከፍተኛ ነው» የሚባልበት፣ ሁሉም የሚስማማበት መቁረጫ ቁጥር ግን የለውም። ደግሞም በቀላሉ ይዛባል። ድሬ ላይ ወባውም ዴንጊውም አለ። ትኩሳት ባለበት ሰሞን የተሠራ ቆጠራ ስለ ካንሰሩ አይናገርም። ከኬሞ ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ኒውትሮፊልን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት፣ ትኩሳት በሌለበት ቀን የተሠራውን ቁጥር ለይቼ ጻፍኩ። ሐኪሙም የተጠቀመበት እሱን ነው።

በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። ከ3.5 (ግራም በዴሲሊትር) በታች ሲወርድና ብግነትን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ሲአርፒ፣ ከ10 (ሚሊግራም በሊትር) በላይ ሲሆን ሁለቱ አንድ ላይ መጥፎ ምልክት ናቸው። አልቡሚን የሚወርደው በምግብ እጥረት ብቻ ሳይሆን በብግነትም ነው። ክብደትን ደግሞ ማንም ቤት ሊለካ ይችላል። ከፒ-53 በተለየ ክብደት ላይ ልንሠራበት እንችላለን። ስለዚህ ከጅቡቲ የተላከው ገንዘብ ብዙው እዚህ ገባ። አጥሚት፣ የተፈጨ ሹርባ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ። አንድ ቀን ስለ ሊምፎሳይት ሳስረዳት እትዬ «አቦ፣ ቁጥሩን ተይውና ሹርባውን አምጪ» አለችኝ። ትክክል ነበረች።

ሆጃ የምንለውን ትኩስ መጠጥ ግን ቀዝቀዝ አድርገን ነው የምንሰጣት፣ እኛም እንደዚያው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ ለዚህ ካንሰር አጋላጭ ሊሆን እንደሚችል የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 አስታውቋል። ይህ ለቀሪው ቤተሰብ ነው እንጂ የእትዬን ውጤት የሚተነብይ አይደለም።

አሁን ኬሞና ጨረሩ አልቋል። ቀጥሎ የሚጠበቀው ትልቁ ምልክት ዕጢው ለሕክምናው የሰጠው ምላሽ ነው። ቀዶ ሕክምና ከተደረገና በወጣው አካል ላይ ካንሰር ከቀረ፣ ኒቮሉማብ የሚባለው መድኃኒት ከበሽታ ነጻ የሆነውን ጊዜ ከ11.0 ወደ 22.4 ወር እንዳራዘመ በ2021 ታይቷል። ሰዎቹ ወደ ጥናቱ የገቡት የፒዲ-ኤል-ዋን ውጤታቸው ምንም ቢሆን ነው። የሚያስፈልገው የቀረ ካንሰር መኖር አለመኖሩን በደንብ ያየ ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም ነው።

«በኋላ» ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ከተዘጋጀ በኋላ በሰም ተቀብሮ ትንሽ ብሎክ ይሆናል። ብሎኩ በደንብ ከተቀመጠ ፒዲ-ኤል-ዋንም ሆነ ሌላው ምርመራ ከእሱ ይሠራል፤ ሕመምተኛዋ እንደገና ቱቦ አትውጥም። ስለዚህ የብሎኩን ቁጥር ከፓቶሎጂው ወረቀት ላይ ገልብጬ በስልኬ ይዣለሁ፣ የአክስቴ ልጅም ቅጂ አለው። ላቦራቶሪው ለስንት ጊዜ እንደሚያስቀምጥና ለማውጣት ምን ደብዳቤ እንደሚጠይቅም ጠይቄያለሁ። ቀድሞ በስስ ተቆርጦ በመስታወት ላይ የቆየ ናሙና እየቆየ ሲሄድ ምልክቱ ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው እስኪያስፈልግ ድረስ ብሎኩ ሳይቆረጥ እንዲቆይ በጽሑፍ ጠይቀናል።