የኮሪደሩ 13 ሳንቲ

ኮንዶሚኒየሜን ሴራሚክ ያስነጠፍኩት ዓምና ነው። ሳሎን፣ ኮሪደር፣ ሁለት መኝታ ቤት። ልሙጥ ሴራሚክ ለምትገዙ ይህ ጽሑፍ አያስፈልጋችሁም፤ ተገላገላችሁ። እኔ ግን ጥለት ያለው ወደድኩ፤ አራት ባለ 30 በ30 ሲገጥሙ አንድ ክብ የሚሠሩ። መርካቶ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሊሾው ተመታ፣ ውሃ ልኩ ተያዘ።

«የክፍሉን መሃል ፈልግና ከዚያ ጀምር» የሚለውን ምክር የማይሰጥ የለም። ለአንድ ክፍል ልክ ነው። ለተያያዙ ክፍሎች ግን ገደል ይከታል። ቢሮ ሆኜ ሴራሚክ የሚያነጥፍልኝ ልጅ ደወለ። «ጋሼ፣ ሳሎኑ አልቋል። ኮሪደሩን ልቀጥል?» ስብሰባ ላይ ነበርኩ። «ቀጥል» አልኩት።

ማታ ስገባ ሳሎኑ ያምራል። ኮሪደሩም ለብቻው ያምራል። በሩ ላይ ግን ክቦቹ አይተዋወቁም። ክቡ፣ ባለ 2 ሚሊ ክፍተቶቹ ተጨምረው፣ በየ60.4 ሳንቲ ይደጋገማል። የሳሎኑና የኮሪደሩ መሃል ደግሞ በ47 ሳንቲ ይለያያል። ልጁ ሁለቱንም ለየብቻ ከመሃል ስለጀመረ ጥለቱ በቀሪው፣ ከ60.4 ላይ 47 ሲቀነስ በ13 ሳንቲ ግድም፣ ተዛነፈ። ጭራሽ የተለየ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ይሄ ግን ሸሚዝ ቁልፉ ተዛንፎ ሲቆለፍ ነው የሚመስለው።

«ደፉ ላይ እብነበረድ ጣል ካደረግንበት አይታይም» አለኝ። ጣል አደረግን። ጭራሽ ከስሩ ተሰመረበት!

አስነሣሁት። ሲሚንቶው ይዞት ስለነበር ከ41 ፍሬ ደህና የወጣው 6 ብቻ ነው። መርካቶ ስመለስ የካርቶኖቼ ባች ቁጥር፣ ማለትም አብሮ የተመረተው ዙር፣ አልቋል። «ያው ነው» አለኝ ሻጩ። ያው አይደለም፤ የአዲሱ ነጭ ወደ ክሬም ያደላል። ልጁን ብዙ ተናገርኩት፤ ግን «ቀጥል» ያልኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ የሴራሚኩ መስመር የሚያዝበትን ክር ከመግቢያው በር እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ አንድ ወጥ አድርጋችሁ ወጥሩ፤ ሁሉም ክፍል ለሱ ይገዛ። ወደ ቀጣዩ ክፍል ስትሻገሩ ግድግዳው እንደሌለ ቁጠሩ። ባለ 20 ብሎኬቱም ልስኑም ስር ሴራሚክ እንዳለ አስቡ። ማዕዘኑን በ60፣ በ80 እና በ100 ሳንቲ ፈትሹ፦ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ለክታችሁ ሁለቱን ጫፎች ስታገናኙ 100 ካልመጣ ማዕዘኑ ጠማማ ነው፤ የኔ ሳሎን 3 ሳንቲ ጠማማ ነው። ጠማማውን ሶፋ ወዳለበት ግድግዳ ገፋሁት። ሲሚንቶ ከመቦካቱ በፊት በየበሩ ሁለት ሁለት ክብ በደረቁ ደርድሩ። ትርፍ 10 በመቶ ይበቃል ቢሏችሁ አትስሙ፤ ለጥለት 15 ግዙ፣ ሁሉም ካርቶን አንድ ባች ይሁን። ክር በሚወጠርበት ቀን ከሥራ ፈቃድ ውሰዱ።

ለመኝታ ቤት የቀረውን የድሮ ባች ለኮሪደሩ አዋልኩት። ክሬሙ ውስጠኛው መኝታ ቤት፣ አልጋ ስር ገባ። ባለቤቴ አልጋውን እናዙረው ባለች ቁጥር ሰበብ እፈልጋለሁ።