ዘፈኑን ከነምንጩ ማዳመጥ

ክላሲክ ሮክን በአልበሞቹ ዓመት ተራ ማዳመጥ ብዙም የሚያዋጣ አይመስለኝም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመረ አድማጭ የጊታሩን ጩኸት ይሰማል፣ ከየት እንደመጣ ግን አይገባውም። የምመርጠው አንድን የሮክ ዘፈን ከተወለደበት ብሉዝ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን የድሮ ዘፈን ጋር ማፈራረቅ ነው፤ መጀመሪያ የድሮውን፣ ወዲያው አዲሱን፣ ከዚያ እንደገና የድሮውን። ጆሮ የሚከፈተው በመጨረሻው ዙር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ተወዳዳሪ የለውም። የብሉዝ ሙዚቀኞቹ ካንሳስ ጆ ማኮይና ሜምፊስ ሚኒ የቀረጹት በ1929 ነው፤ የሚሲሲፒ ወንዝ ግድቡን ጥሶ አገሩን ካጥለቀለቀ ሁለት ዓመት በኋላ። ሁለት ጊታርና አንድ ድምፅ፣ በቃ። ጆ ይዘፍናል፣ የሚኒ ጊታር በየስንኙ መሃል ይመልስለታል። ወሬው የጎርፍ ቢሆንም አካሄዱ ቀለል ያለ ነው።

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሌድ ዜፔሊን በ1971 አራተኛ አልበማቸውን የዘጉት በዚሁ ዘፈን ነው። ድራሙን ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ የእንግሊዝ ገጠር ቤት መግቢያ አዳራሽ ተከሉት፤ ሁለት ማይክሮፎን ብቻ ከላይ ከደረጃው ላይ ሰቀሉ። ስለዚህ ከምቱ ጋር የቤቱ ግድግዳም ይሰማል። በዚያ ላይ የተቀዳውን ቴፕ ዝግ አድርገው ስላጫወቱት ጊታሩና ሀርሞኒካው ወፍረው ይወጣሉ። ከዚህ በኋላ ወደ 1929ኙ ሲመለሱ የሚኒ ጣቶች ምን ያህል ሥራ እንደሚሠሩ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ስሟም በደራሲነት ከባንዱ አባላት ጋር ሰፍሯል። የብሉዝ ደራሲው ዊሊ ዲክሰን እንዲህ አልቀናውም፤ ለብሉዝ ዘፋኙ መዲ ዋተርስ የጻፈው ዘፈን በ1969 በሌድ ዜፔሊን «ሆል ሎታ ላቭ» ውስጥ ሲገባ ስሙ አልነበረም። በ1985 ከሶ፣ በ1987 በስምምነት ተጨረሰ። ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ሲያፈራርቁ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የድምፅ መጠኑ ነው። ጮክ ያለው ቅጂ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ስለዚህ የሁለቱ ዘፋኞች ድምፅ እኩል እስኪሰማ ድረስ አዲሱን መቀነስ ያስፈልጋል። የድሮው ሸክላ ሲንጫጫ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ መቀነስ ይረዳል፣ ካበዙት ግን ጥፍር ክሩን ሲነካ የሚሰማው ነገር አብሮ ይጠፋል። የስልክ ስፒከር ቤዙን ስለማያወጣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የ1960ዎቹ ስቴሪዮ ደግሞ ድራሙን ወደ አንድ ጆሮ፣ ዘፋኙን ወደ ሌላው የሚገፋበት ጊዜ አለ፤ ኢርፎን ላይ ያደክማል፣ በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት የሚሰማው የሞኖው ቅጂ ካለ እሱ ይሻላል።

ባለ 12 ባር ብሉዝ ሲቆጠር በየባሩ አራት ምት ነው፤ አንድ ስንኝ ይዘፈናል፣ ይደገማል፣ ሦስተኛው ይመልሳል። የብሉዝ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ሮበርት ጆንሰን ላይ ግን ቆጠራው ይፈርሳል። ብቻውን ስለሚጫወት ስንኙ እስኪያልቅ ምት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ እዚያ መከተል ያለብን ድምፁን ነው።

ከ«ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ቀጥሎ የማስቀምጠው የጆንሰንን «ክሮስ ሮድ ብሉዝ» (ሳን አንቶኒዮ፣ ህዳር 1936) እና የሮክ ባንዱ ክሪም ይህንኑ ዘፈን በመጋቢት 1968 ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ የቀዱትን ነው። የክሪም ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ላ ላይ ቆሞ ከሚነካቸው ድምፆች ውስጥ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል አሉ፤ ከዶ ቢነሱ ትዝታ ቅኝት ናቸው። የሚለየው ማረፊያው ነው፣ ደግሞም ዶ ላይ ሲደርስ ክሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን በትንሹ ከፍ ያደርገዋል፤ ያቺን ግፊያ የትዝታ ጆሮ ቶሎ ይይዛታል። ጆንሰንን ግን ሁለት ጊዜ ነው መስማት፤ አንዴ ወፍራሞቹን ክሮች የሚመታውን አውራ ጣት ብቻ፣ አንዴ ከላይ በቀጫጭኖቹ ላይ የሚንሸራተተውን። ክሪም ይህንኑ ለሦስት ሰው ነው ያከፋፈሉት።