ኮፋኖ ከፍተው ማርሽ ያስለቀቁት አዛውንት

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ጋራዥ ከገባሁ ሁለተኛው ክረምቴ ነበር። ባለቤቱ የእኛው ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኛ ጋ የሚመጣው መኪና በብዛት የታክሲ ሥራ የሚሠራ ካምሪና ፕሪየስ ነው። ዘይት ቀይር፣ የፍሬን ሸራ ቀይር፣ ሸኝ። ሰው እጁ እንደሚዝግ ያወቅሁት እዚያ ነው።

አንድ ጠዋት የ1970 ሼቭሮሌት ሲ10 ፒክአፕ እያጓራ ገባ። አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙ ጣራው ላይ በፀሐይ ነጥቷል። የሚነዱት ሰውዬ ሰባ አምስት ዓመት አያንሳቸውም። ወርደው ቁልፉን ሰጡኝና "ማርሹ ደርቋል። በሁለት እጅ ነው የማስገባው" አሉኝ።

ማርሹ ወለሉ ላይ አይደለም፤ እጀታው መሪው ሥር ነው። ባለ ሦስት ማርሽ ነው። ወደ ራስህ ስበህ ወደ ታች ስታወርደው አንደኛ፣ ወደ ላይ ስታደርገው ኋላ ማርሽ። ወደ ፊት ገፋ አድርገህ ወደ ላይ ሁለተኛ፣ ወደ ታች ሦስተኛ። አሜሪካኖቹ "ሦስቱ ዛፍ ላይ" ይሉታል። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው እጀታውን ከወለል ወደ መሪ ያወጡት። የፊቱ ወንበር አንድ ወጥ ስለነበር መሐል ለሚቀመጠው ሦስተኛ ሰው እግር ቦታ ተገኘ። ፒክአፕ ላይ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ቆይቷል።

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ልጆች ተሰብስበው እንደ ብርቅ ያዩታል። እኔን ግን አልደነቀኝም። አዲስ አበባ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ፔጆ 404 ነበራቸው። እሱም ማርሹ መሪው ላይ ነው። "ይሄን ለእኔ ተዉት" አልኩ። ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

የሚረጭ ዘይት አነሳሁ። እጀታው ሥር ነፋሁ። ኮፋኖውን ከፍቼ ከታች በኩልም ነፋሁ። እጀታውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ለቀቅ አለ። ዞር ዞር ብዬ ነዳሁት፤ ይገባል። አርባ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አስረከብኩ። ሰውዬው አመስግነው ሄዱ። እኔም ያን ቀን ምሳ ላይ ስለ ፔጆ 404 ብዙ አወራሁ።

ሰኞ ጠዋት ተመለሱ። በእጃቸው የላስቲክ ከረጢት ይዘዋል። ከውስጡ ነጭ ሸሚዝ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ድረስ በጥቁር ግራሶ ተለውሷል።

ለካ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው ጎዳና ላይ፣ መብራት ሊለቅ ሲል፣ ማርሹ ተቆልፎባቸዋል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲያዞሩ እጀታው መሐል ላይ ቀረ። አንደኛውም አልወጣ፣ ሁለተኛውም አልገባ። ከኋላ ጥሩምባ በጥሩምባ ሆነ። ሰውዬው ሞተሩን አጠፉ፣ ወረዱ፣ ኮፋኖውን ከፈቱ፣ እጃቸውን በመሪው ቱቦ ግርጌ አስገብተው የተንጠለጠለውን የማርሹን ክንድ ገፉት። ቀጭ አለ። ኮፋኖውን ዘግተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የላውንድሪ ሊያስከፍሉኝ ነው ብዬ ኪሴን ዳበስኩ። "ገንዘብህን አልፈልግም" አሉኝ። "እጅ እስከየት እንደሚገባ እንድታይ ነው ያመጣሁት።"

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ከቢሮ ወጡ። ሸሚዙን አዩ። እኔን አዩ።

"ሞተሩ ጠፍቶ ሞክረኸዋል?"

"አልሞከርኩም ጋሼ።"

"ዘንጎቹን ፈትተህ ላይና ታቹን ለይተህ አየኸው?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የጠገንከው?"

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ እንደ አዲስ ጀመርን። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተን ማርሹን ሞከርን። ያው ደረቅ ነው። ጥፋቱ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚለየው የፍሪሲዮን ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሲጠፋ ማርሹ በቀላሉ በገባ ነበር። ስለዚህ ፍሪሲዮን ነፃ ወጣ።

ከመሪው ቱቦ ግርጌ ሁለት አጫጭር ክንዶች አሉ። አንዱ የአንደኛና የኋላ ማርሽ፣ ሌላው የሁለተኛና የሦስተኛ ነው። ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዘንግ ወደ ካምቢዮ፣ ማለትም ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ ይወርዳል። ዘንጎቹን ከላይ በኩል ፈታናቸው። ከሥር ገብቼ የካምቢዮውን ክንዶች በእጄ አንቀሳቀስኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። እንደ ቅቤ ነው። ካምቢዮም ነፃ ወጣ። ጋቢና ገብቼ እጀታውን ስስበው ግን፣ ምንም ያልተያያዘበት እጀታ፣ ያው በሁለት እጅ ነው።

ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ዘይት በመርጨት ካጠፋሁት ጊዜ ያነሰ ነው።

ጋሼ ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባቸው ተኙ። የመሪውን ቱቦ የሚይዙትን ብሎኖች በባትሪ አዩና "ቁልፍ አቀብለኝ" አሉ። ከዚያም ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ላሜራ ላይ ያለውን ማቀፊያ አላሉት። "አሁን ሞክር።" እጀታው በአንድ ጣት ወረደ። ደነገጥኩ። አንድ ሰው ድሮ መሪውን ሲፈታ ሲያስር ማቀፊያውን አጣሞ አጥብቆታል። ውጪው ቱቦ ሲጣመም ውስጡ የሚዞረው የማርሽ ቱቦ ይታሻል።

በዚያ ላይ የማርሽ ቱቦውን ከታች የምትይዘው የፕላስቲክ ቀለበት፣ ቦኮላዋ፣ ተሰነጣጥቃለች። እንደ ቁራሽ ብስኩት ወጣች። እሷ ስትበላ የማርሽ ቱቦው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሲያዞሩትም አንዱ ክንድ ፍሪ ላይ፣ ማለትም ማርሽ የሌለበት ቦታ ላይ፣ በትክክል ሳይመለስ ሌላው ይያዛል። እሑድ የቆለፈው ይኸው ነው። የእኔ ዘይት ደግሞ የቀረችውን ትንሽ ግራሶ አጥቦ አወረዳት። ለሦስት ቀን ያለሰለሰው እሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያደረቀውም እሱ ነው።

ቦኮላዋን አዘዝን። ዋጋዋ ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም። እስክትመጣ ድረስ እንደ ሙጫ የጠነከረውን የድሮ ግራሶ በብሩሽ ጠረግሁ። አዲስ ቀባሁ። ማቀፊያውን ቱቦው በራሱ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ብቻ አጠበቅሁት።

የቀረው የዘንጎቹ ልክ ነው። ካምቢዮውን ፍሪ አደረግን፣ እጀታውንም ፍሪ። በሁለቱ ክንዶች ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አግጥመን ቀጭን የመሰርሰሪያ ጥርስ አሳለፍንባቸው። ክንዶቹ እንደዚያ ታስረው ሳሉ ነው የዘንጎቹ ዳዶ የሚጠብቀው። እኔ ሳጠብቅ ዘንጉን ገፋ አድርጌው ኖሯል፣ ጥርሱ አልወጣ አለ። ጋሼ ምንም አላሉም። ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። በሁለተኛው ሳብ ሳደርገው ሹልክ ብሎ ወጣ።

አዛውንቱ መጥተው ሞከሩት። ግቢውን ሁለቴ ዞሩ። እጀታውን በሁለት ጣት ይዘው ነው። ቆሙና ወረዱ፤ ሊሰናበቱኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ግን ኮፋኖውን ከፈቱ።

"ና" አሉኝ። "እጅህን አስገባ። አሁን ባይቆለፍም ሲቆለፍ እንዴት እንደሚለቀቅ እወቅ።"

አስገባሁ። በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ የትኛው ክንድ ወደ የት እንደሚገፋ በድምፅ እየመሩ አስለመዱኝ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። እጄን ሳወጣ እጅጌዬ እስከ ክርኔ ጠቁሯል።

አየት አድርገውኝ "አዎ፣ ልክ እስከዚያ ነው" አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።